ሎሚ ይዘሽ ሂጂ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲሆን ያስቸግራታል።

«አባዬ፣ አስመራ ልሄድ ነው፤ በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ያልሽውን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ዋሽንግተን ተቀምጠሽ እኔን መንገድ ስትጠይቂኝ ሳቄ መጣ። እኔ የማውቀው መንገድ ተዘግቷል። ግን በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የሄድኩት በአውቶቡስ ነው፤ በ1965፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ። አባቴ ለሥራ ተዛውሮ ቀድሞን ሄዷል። እኔና እናቴ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የደረስነው ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ነው። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ ዕቃ ይቀበላል፣ ከታች ሰው ይጯጯሃል። እናቴ አንድ ሎሚ እጄ ውስጥ አስገባችና «ሲያቅለሸልሽህ አሽትት» አለችኝ።

ጣርማ በርን ታውቂዋለሽ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን የበሳው ዋሻ ውስጥ ገብተን በወዲያኛው በኩል ስንወጣ መሬቱ ጠፋ። ጭጋግ ብቻ። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል መጠማዘዝ ነው። ሎሚዬ ሸዋ ሮቢት አልደረሰም፤ በጥፍሬ እየወጋሁ ጨረስኩት። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ አንዷ «ንፋስ ሊገድለኝ ነው» ብላ ታስዘጋዋለች። ይኼ ጭቅጭቅ አስመራ እስክንገባ አላለቀም።

ደሴ አደርን። በማግስቱ ወልድያ፣ አላማጣ፣ የኮረም ዳገት፣ ማይጨው፣ አምባላጌ፤ ማታ መቀሌ። በሦስተኛው ቀን አዲግራት፣ ሰንዓፈ፣ ደቀመሐሪ። ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ በብዛት ያነጠፈው ያው ጣሊያን ነው፤ ለእኛ ብሎ ሳይሆን ጦሩንና ዕቃውን ለማመላለስ። በኋላ ግን የእኛ ሆነ፤ ዶሮ ተሸክመን ሄድንበት።

አስመራ ስንገባ እናቴ «ይቺ ደግሞ የማን አገር ናት?» አለች። ዘንባባ በመስመር ተተክሏል። ሽማግሌዎች ኮትና ባርኔጣ አድርገው ብስክሌት ይነዳሉ። በማግስቱ አባቴ ፊያት ታልዬሮን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ነዳጅ ማደያ ነው፤ ቅርጹ ግን ሊነሳ ያለ አውሮፕላን። በፈረንጅ 1938 ጁሴፔ ፔታዚ የሚባል መሐንዲስ ነው የነደፈው። ግራና ቀኝ የዘረጋው የሲሚንቶ ክንፍ እያንዳንዱ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ አንድ ምሰሶ የለውም። ግንበኞቹ ድጋፉን እንጨት ማንሳት ሲፈሩ ፔታዚ ሽጉጥ ደቅኖ አስነሳቸው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት እንጃ፤ አባቴ ግን አጠገባቸው እንደነበረ አድርጎ ነው የነገረኝ። ክንፉ ሥር ለመቆም ፈርቼ አስፋልቱ ጋ ሆኜ አየሁት።

ውበቱ አያታልልሽ። በፋሺስት ዘመን ያ መሐል ከተማ የነጭ ነበር። በዘር ሕጉ ምክንያት የአገሬው ሰው ዛሬ ማኪያቶ የሚጠጣበት ቦታ ላይ መቀመጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሲኒማ ኢምፔሮን ፎቶ ካነሳሽ በኋላ አባ ሻውልም ውጪ። የአገሬው ሰው ሰፈር ያ ነበር፤ የጣሊያን ፕላን እንዳልደረሰው መንገዱ ራሱ ይነግርሻል።

ጥር 1967 የኤርትራ ነፃ አውጪዎችና የመንግሥት ጦር ውጊያ ከተማው ውስጥ ገባ። የመኪና መንገዱ አስጊ ሆነና በአውሮፕላን ወጣን። ሦስት ቀን የፈጀብን አገር አንድ ሰዓት ከምናምን ሆነ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ አምባላጌን ልለይ ብል ሁሉም ተራራ አንድ ሆነብኝ። ማቅለሽለሹም የለም፣ ጭቅጭቁም የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአውሮፕላን የሄድኩበት አገር የደረስኩበት አይመስለኝም።

ለነገሩ አውሮፕላንና አስመራ የቆየ ዝምድና አላቸው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያረፈው አስመራ ነው። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መጣና ሃያ ዓመት ሰማዩም መሬቱም ተዘጋ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 በረራው ሲከፈት ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እናትሽ ሽንኩርት እየከተፍኩ መስሏት ነበር። ጳጉሜ ላይ እኔም ሄድኩ። ፊያት ታልዬሮ እዚያው ነው። በሃምሳ አራት ዓመቴ ክንፉ ሥር ገብቼ ቆምኩ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ደግሞ የዛላምበሳ ድንበር ተከፈተ። ሰው በአውቶቡስ መመላለስ ጀመረ። እኔ ሰነፉ «አሁን ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው፣ ለገና በአውቶቡስ ወስጄ አሳያቸዋለሁ» ብዬ አሳደርኩት። ገና ሳይደርስ ተዘጋ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ፤ ያን ያውቁታል የደረሰባቸው። ነሐሴ 28 ቀን 2016 ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚሄደው በረራም ቆመ።

እንግዲህ ያንቺ መንገድ በካይሮ ወይም በኢስታንቡል ነው። እኛ ጋ መጥተሽ ከቦሌ ልሂድ ያልሽው ለጊዜው አይሆንም፤ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የሚበረውን አጣሪ፣ የዚያ አካባቢ ነገር በአንድ ሌሊት ይቀየራል። ቪዛውን ቀድመሽ እዚያው ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲ ጠይቂ። ጥሬ ገንዘብ ያዢ፤ እንደ አሜሪካ ካርድ ሰክተሽ የምታወጪበት ማሽን የለም። የያዝሽውን ዶላር ስትገቢ አስመዝግቢ። ሹራብም አትርሺ፣ ከተማዋ ከ2300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ማታ ማታ እንደኛው ቤት ትበርዳለች።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በአውሮፕላን ገብተሽ በአውሮፕላን እንዳትወጪ። ከአስመራ ወጣ ለማለት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውጪና፣ ከተፈቀደልሽ፣ በአውቶቡስ ምጽዋ ውረጂ። 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጋው ጭጋግ ተነስቶ በነፋሲትና በጊንዳዕ አድርጎ ባሕሩ ጠርዝ ድረስ ይጠማዘዛል። ካፖርት ለብሰሽ ተሳፍረሽ በቲሸርት ትወርጃለሽ። በ1911 በፈረንጅ አስመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድም አልፎ አልፎ ከመንገዱ ጎን ብቅ ይላል፤ በቀኝም በግራም ተመልከቺ።

መስኮት ጋ ተቀመጪ። የሚያስዘጋሽ ሰው ከመጣ አትጨቃጨቂ፣ ዝጊላት። ሎሚውን ከአስመራ ገበያ ግዢ፤ እናትሽ ሁለት ይበቃል ትላለች፣ እኔ አራት ያዢ እላለሁ።

አባትሽ