የጤና ክበብ ዘገባ፦ ውሃውን መድፋት ለምን አይበቃም?

ክበባችን ዘንድሮ ትኩሳት የሚያስነሱትን የቫይረስ በሽታዎች፣ ደንጌንና ቺኩንጉንያን፣ የምታስተላልፈውን ትንኝ፣ ኤደስ ኢጂፕቲን፣ ሲከታተል ከርሟል። ደንጌ በ2006፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በወረርሽኝ መልክ ተከስተዋል። የእኛዋ አዳማም ሞቃት ናት፤ ቧንቧ በተቋረጠ ቁጥርም በርሜል የሚሞላባት ከተማ ናት፤ ትንኟ ደግሞ የምትራባው እንዲህ በተጠራቀመ ውሃ ነው።

ትንኟ ጥቁር ሆና እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። የምትነክሰው በቀን፣ ይበልጡን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም።

ትንኟን ለመከታተል እንቁላሏን የምንይዝበትን ወጥመድ የሠራነው ከጣሳ ነው። ጣሳው ጥቁር ቀለም ይቀባና ቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ በምስማር ይበሳል፤ ዝናብ ቢገባ ከዚያ በላይ እንዳይሞላ። እስከ ቀዳዳው ውሃ ይደረግበታል፤ ውስጡ ዙሪያውን ነጭ አቡጀዲ ይለበጥና ጥላ ሥር ይቀመጣል። እንስቷ እንቁላል የምትጥለው ውሃው ላይ ሳይሆን ከውሃው ጠርዝ ከፍ ባለው እርጥብ ጨርቅ ላይ ነው፤ ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች በማጉያ መነጽር ይታያሉ። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ በሙቀት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚበቃ፣ በየሳምንቱ ያልታየ ጣሳ ራሱ ማራቢያ ይሆናል።

ተማሪዎቹን ከሁሉ ያሳመነው የደረቀው ጨርቅ ነው። ወር ያህል በወረቀት ተጠቅልሎ ቆይቶ፣ አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ብርጭቆ ውስጥ ሲነከር እጮች ወጡ። ስለዚህ በርሜሉን ደፍቶ መልሶ መሙላት ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን እንቁላል ማስፈልፈል ነው። በየሳምንቱ፣ ውሃው ሲያልቅ፣ አዲሱ ከመሞላቱ በፊት የውስጥ ግድግዳው በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ይፈተግ፤ እጣቢው ፀሐይ በሚመታው ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ክዳን ለሌለው በርሜል የሚታሰረው ጨርቅ ይወጠር፤ ረግቦ ውሃ ከነካ እንቁላል ይጣልበታል። ጎሚስታ ደጅ የተከመረ ጎማ ደግሞ ቢያቆሙትም ቢያስተኙትም ውሃ ይይዛል፤ ጣሪያ ሥር ማስገባት፣ ካልሆነም መብሳት ነው።

ትኩሳት ሲነሳ ወባም ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይቅደም። ደንጌ ከተጠረጠረ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ መድማትን ስለሚያባብሱ አይወሰዱም፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ነው። ቤተሰብ «ለቀቀው» ብሎ የሚዘናጋው ትኩሳቱ ሲበርድ ነው፤ አደገኛው ጊዜም ያው ነው። ያኔ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከታየ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ክረምቱን የሚፈትሻቸው ስለማይኖር ጣሳዎቹን ሰኔ ላይ ሰብስበናል። ጨርቆቹ ተቃጥለዋል፤ ጣሳዎቹም በፈላ ውሃ ተፈትገው በአፋቸው ተደፍተው መጋዘን ገብተዋል።