ደብዳቤ ለልጄ፦ ወጥ ውስጥ ስኳር

ካን ቶ፣ ቬትናም፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

በደወልሽ ቁጥር «እማዬ፣ ምን እየበላሽ ነው?» ትይኛለሽ። እኔም «ሩዝ» ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። መስመሩ እየተቆራረጠ ስለ ምግብ ማውራት አይሆንልኝም። ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተናድጄ ነው ያሳለፍኩት። ወጣቸው ይጣፍጣል። ይጣፍጣል ስልሽ ይጥማል ማለቴ አይደለም፤ ስኳር አለው! ዓሣው ውስጥ ስኳር፣ ሾርባው ውስጥ ስኳር፣ ማጥቀሻው ውስጥ ስኳር። ልጅ ሆነሽ ሽሮ ላይ ስኳር ነስንሰሽ የቆነጠጥኩሽ ትዝ ይልሻል? እዚህ ብትወለጂ ማንም አይነካሽም ነበር።

ለሩዝ ሥልጠናው የመጣሁበት ይህ ቦታ የቬትናም ደቡብ ነው። የሜኮንግ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት እዚህ ይበታተናል፤ እነሱ «ዘጠኙ ድራጎኖች» ይሉታል። ከአገሪቱ ሩዝ ከግማሽ በላይ የሚበቅለው እዚሁ ነው። ኮኮናቱና ሸንኮራ አገዳውም እንደ ልብ ነው፤ ጣፋጭ መውደዳቸው ከዚያ የመጣ ነው ይላሉ። አብሮን የሚሠለጥን የሃኖይ ልጅ አለ። እሱም እንደኔ ያማርራል። ሰሜኖቹ ጨው ያለው፣ ቀለል ያለ ነገር ነው የሚወዱት። መሀል አገር፣ ሁዌ አካባቢ ደግሞ ቃሪያው ያስለቅሳል አሉ።

ያረፍኩባቸው ሴትዮ በሰፈሩ «ባ ቱ» ይባላሉ፤ «እትዬ አራት» እንደማለት። ግን ሦስተኛ ልጅ ናቸው! በደቡብ የበኩር ልጅ «ሁለት» ተብሎ ነው የሚጠራው። ለምን ብዬ ስጠይቅ እያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት ይሰጠኛል።

አንድ ማታ ማድ ቤታቸው ገባሁ። «ካ ኮ ቶ» ሊሠሩ ነው፤ በሸክላ ድስት የሚበስል ዓሣ። ሽንኩርት ሲከትፉ አያለሁ ብዬ ቆሜያለሁ፤ የምን ሽንኩርት! ትንሿ ድስት ላይ ጠብታ ዘይትና ሁለት ማንኪያ ስኳር ጣሉ። ስኳሩ ቀለጠ። ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሻይ መሰለ። ተቃጠለ ብዬ ማማሰያውን ልቀማ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ፤ ገና ነው ማለታቸው ነው። የጀበና ቡና ሊመስል ጥቂት ሲቀረው የኮኮናት ውሃ ቸለስ አደረጉበት። ቸስ! ቤቱ አወደ።

ያኔ ገባኝ። ይኼ ቁሌታቸው ነው። እኛ ከሽንኩርት የምናወጣውን መልክና ጣዕም እነሱ ከስኳር ያወጡታል። የኛስ ሽንኩርት ሲቁላላ የሚጥመው የራሱ ስኳር ወጥቶ አይደል? ደግሞ ስኳር እንዲያ ሲጠቁር ጣፋጭነቱ ቀንሶ መረር ይላል። ላዩ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንንሽ ቃሪያና ኑክ ማም ይገባል። ኑክ ማም ትንንሽ ዓሣና ጨው በትልልቅ የእንጨት በርሜል ወደ አንድ ዓመት ተዘፍዝፎ የሚወጣ ውሃ ነው። ስመ ጥሩው የፉ ኮክ ደሴቱ ነው። ሽታው አፍንጫ ያስይዛል፤ ድስት ውስጥ ሲገባ ግን ጠፍቶ ጣዕሙ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በለዘበ እሳት፣ መረቁ ወፍሮ ዓሣውን እስኪለብሰው። ጨውና ስኳሩ ተፋጥጠው ይቀመጣሉ። አንድ ቁራጭ ዓሣ አንድ ሳህን ሩዝ ያስጨርሳል።

ዓሣው ካ ሎክ ይባላል፤ ቅርፊት አለው፣ አትጨነቂ። አምባዛ የመሰለው ሲቀርብልኝ ግን አያትሽ ከመቃብር ቀና ያሉ መሰለኝና ገፋ አደረግሁት። የአሳማውን ነገር ተይው።

ረቡዕና ዓርብ ምን ትበያለሽ ላልሽው፣ እዚህም ጿሚ አለ። ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋም ዓሣም አይነኩም። «ቻይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ምግብ ቤት ገብቼ ቶፉና እንጉዳይ እበላለሁ። ሻይ እንዳይመስልሽ፤ የጾም ማለት ነው።

«ባን ሴዎ»ንስ ብታይ! የሩዝ ዱቄት በእርድና በኮኮናት ወተት ተበጥብጦ ትኩስ መጥበሻ ላይ ይፈሳል። «ሴዎ» የኛው «ቸስ» ነው፤ ስሙ ከድምፁ ወጣ። ቆርሰሽ በሰናፍጭ ቅጠል ትጠቀልይዋለሽ፣ ታጠቅሻለሽ፣ ትጎርሻለሽ። በእጅ! በመብያ እንጨቶቹ ስታገል ለከረምኩት ሴት ሠርግ ነበር።

አሁን ውሃው የሞላበት ወቅት ነው። ገበያው በቢጫ አበባ ተሞልቷል፤ አደይ ነው የሚመስለው። ከትንንሽ ዓሣ ጋር ሾርባ ይሠሩበታል። «ካን ቹዋ» ይባላል፤ ኮምጣጣ ሾርባ ማለት ነው። አበባው ባይኖርሽም አንቺ ትሠሪዋለሽ። ሁመር በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ አጥልይው። ቲማቲም፣ አናናስና ባሚያ ጨምሪበት። ዓሣውን፣ ቆሮሶውን፣ መጨረሻ ላይ፤ ቀድመሽ ከከተትሽው ይፈራርሳል። ጨው፣ ቃሪያ። ስኳርም፣ አዎ፣ አንድ ማንኪያ። ሁመሩን ያለሱ አትችይውም።

ስለ ቡናቸው አልጽፍልሽም። በረዶና የቆርቆሮ ወተት ይገባበታል። በቃ።

ባለፈው እሁድ ይዤው ከመጣሁት ሽሮ ሠራሁላቸው። እትዬ አራት ቀመሱ። ዝም አሉ። ደግመው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደውታል። ከዚያ ብድግ ብለው ከመደርደሪያው የስኳሩን ጣሳ አወረዱ።

እሳቸውን መቆንጠጥ አልችል!

እናትሽ