የ«ዩር ኔም» የአማርኛ ሰብታይትል ቀኑን እንዳያሳስት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአራት ኪሎና በአምባሳደር አካባቢ ባሉ ትንንሽ አዳራሾች የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የሚሠራ ፊልም) በአማርኛ ሰብታይትል፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በሚነበብ ትርጉም፣ ለማሳየት የሚያስቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የዳይሬክተር ማኮቶ ሺንካይን ፊልም «ዩር ኔም» ነው። ምርጫው ጥሩ ነው። ለተርጓሚ ግን ከሚመስለው በላይ ያስቸግራል።

ሚትሱሃ ኢቶሞሪ በምትባል የተራራ ከተማ፣ ታኪ ደግሞ ቶኪዮ የሚኖሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንድ ጠዋት እሷ በእሱ ገላ፣ እሱ በእሷ ገላ ይነቃሉ። ውሏቸውን በስልክ ማስታወሻ ይጻጻፋሉ፤ ፍቅሩም የሚያድገው በዚሁ ነው። ስለዚህ ንግግሩን ብቻ ተርጉሞ በስልኩ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ የዘለለ ሰብታይትል ግማሹን ፊልም ጥሎታል። የስልኩ ጽሑፍ ትርጉም ወደ ላይኛው የስክሪን ጠርዝ ይውጣ፤ ታች ከንግግሩ ጋር ከተደራረበ ሁለቱም አይነበቡም።

ትልቁ አደጋ ቀን መቁጠሪያው ነው። (ፊልሙን ገና ያላየ ይህን አንቀጽ ቢዘል ይሻለዋል።) በ1200 ዓመት አንዴ የምትመለሰው ጅራታም ኮከብ፣ ቲያማት፣ ስባሪዋ ኢቶሞሪ ላይ የሚወድቀው ኦክቶበር 4 ቀን 2013 ነው፤ ታኪ ያለው ግን 2016 ላይ ነው። የታሪኩ ቁልፍ ይህ የ3 ዓመት ልዩነት ነው። ተርጓሚው ለተመልካች አስቦ «መስከረም 24 ቀን 2006» ብሎ ቢጽፍ ስሌቱ ልክ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን አይለወጥም። ተመልካቹ ያኔ የ7 ዓመት ልዩነት ያያል፣ እውነተኛው 3 ዓመት ይሰወርበታል። ከጃንዋሪ ጀምሮ ደግሞ ልዩነቱ 8 ስለሚሆን ግራ መጋባቱ ይብሳል። ዓመተ ምሕረቱ እንዳለ ይተው፤ መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ ላይ ብቻ «እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት። ሰዓት ግን በተቃራኒው መለወጥ አለበት። አደጋው የሚደርሰው 20:42 ላይ ነው፤ «8 ሰዓት ከ42» ተብሎ ከተጻፈ አዲስ አበቤ ወይ ከምሳ በኋላ ወይ ውድቅት ይመስለዋል። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ42» ይባል።

«አንተ» እና «አንቺ»ም ያሳስታሉ። ታኪ በሚትሱሃ ገላ ውስጥ ሳለ ቤተሰቧ የሚያየው እሷን ነውና «አንቺ» ይበላት፤ ሁለቱ ሲጻጻፉ ግን እያንዳንዱ የሌላውን እውነተኛ ጾታ ይጥራ። ከዚህ የሚከብደው ሚትሱሃ በታኪ ገላ ሆና ከጓደኞቹ ጋር የምታወራበት ነው። ጃፓንኛ «እኔ» ለማለት ብዙ ቃል አለው፤ እሷ በጓደኛሞች ወግ ከወንድ ልጅ አፍ የማይጠበቀውን «ዋታሺ» ስትል ግንባራቸውን ይቋጥራሉ፣ እየቀያየረች ትሞክራለች፣ በመጨረሻ ወንዶች የሚሉትን «ኦሬ» ስትል ያልፏታል። አማርኛ አንድ «እኔ» ብቻ ስላለው ሁሉንም «እኔ… እኔ… እኔ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቀልዱን ይገድለዋል። ጾታውን በቅጽል ማሸከም ይቻላል፦ መጀመሪያ «እኔ ሞኟ»፣ ኋላ «እኔ ሞኙ»። ቃል በቃል አይደለም፤ አዳራሹ ግን ይስቃል።

የአማርኛ ድምፅ ይግባበት የሚሉም አሉ። በቃና ቴሌቪዥን የለመድነው ነውና አሳቡ አይናቅም፤ የአኒሜ አፍ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቅርጾች ብቻ ስለሚሣል ከተዋናይ ከንፈር ይልቅ ለማጣጣም ይቀላል። ወጪው ግን ለትንሽ አዳራሽ የሚሞከር አይደለም።

ወደ ፋይሉ እንምጣ። በአሮጌው የፓወር ግእዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ይተየብ፤ ፋይሉም ሲቀመጥ «ዩቲኤፍ-8» የሚለው የዩኒኮድ ዓይነት ይመረጥ። ሳጥን ሳጥን ከታየ ማጫወቻው የያዘው ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም ማለት ነው፤ ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክ ይመረጥለት። ለእንግሊዝኛ በመስመር እስከ 42 ፊደል የተለመደ ነው፤ የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነና እያንዳንዱ አናባቢውንም ስለሚይዝ 28 ገደማ ይበቃል፣ ከ2 መስመር ሳይበልጥ።

ጽሑፉ ከድምፁ የሚለያይበት ዋና ምክንያት የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት፣ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ የተሠራ ሰብታይትል 25 ፍሬም በሚሄድ ቅጂ ላይ ከተጫነ ጽሑፉ እየዘገየ ይሄዳል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልዩነቱ ከ1 ደቂቃ ያልፋል፣ በፊልሙ መጨረሻ ከ4 ደቂቃ ይበልጣል። በፊልም ማጫወቻው ፕሮግራም በቪኤልሲ ጂ እና ኤች ቁልፎችን መጫን ጽሑፉን በ50 ሚሊ ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ከመግፋት በቀር አይረዳም፤ አንዱ ቦታ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። ፋይሉ «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው የሰብታይትል ማረሚያ ፕሮግራም ተከፍቶ የፍሬም ፍጥነቱ ከ24 ወደ 25 ይለወጥ። ከዚያም ትኬት ከመሸጡ በፊት የመጀመሪያው ንግግር፣ የመሐሉ አንድ ቦታና የመጨረሻው ትዕይንት በዚያው አዳራሽ ፕሮጀክተር ይታዩ፤ በላፕቶፕ ላይ የሚነበበው ነጭ ጽሑፍ በደማቁ የሺንካይ ሰማይ ላይ ሲያርፍ ይጠፋልና ጥቁር ጠርዝ ይደረግለት።

ከአኒሜ ተርጓሚዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ