ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የቀረ ነገር አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቅዳሜ ዕለት ከልምምድ በፊት ለጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ አርባዎቹ ልጆች የተጻፈውን ሁላችንም ወደነዋል። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዋሉልን ውለታ ትልቅ ነው። ጽሑፉ ግን ከእነዚህ ልጆች የማርሽ ባንድ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ክቡር ዘበኛና ወደ ሳክስፎን ተሻገረ። የየብሔረሰቡን የባህል መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በአንድ መስመር እንኳ አልተነሳም። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

እኔ እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ከሥራ መልስ በሳምንት ሁለት ቀን ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ያለ ክፍያ መሰንቆ እጫወታለሁ። ከመካከላችን ነርስ አለች፣ መምህራን አሉ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌርም አሉ፤ ዋሽንቱ የእሳቸው ነው። አምና የመለማመጃ አዳራሽ ፈልገን ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ስንጠና፣ “ኦርኬስትራ የሚባለው ቫዮሊን ሲኖረው ነው፤ እናንተ የባህል ቡድን ናችሁ” ተባልን። ሾፌሩ አባታችን ምንም ሳይመልሱ ዋሽንታቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡ። ያን ቀን የተሰማኝ ቅሬታ እስካሁን አልወጣልኝም።

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ አቋቋመው። ከተለያየ ብሔረሰብ የተውጣጡ፣ እስከ 30 የሚደርሱ ተጫዋቾች ነበሩት። በኋላም ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ድርጅት የላከው ጆን ኮ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ መሩት። ሌላው በጎ ፈቃደኛ ቻርልስ ሰተን መሰንቆን ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ አብሯቸው ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ዞረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሳይቀር ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቡድኑ ተበተነ።

ይህ ሁሉ በየቦታው ተጽፎ ይገኛል። እኔን የሚገርመኝ ግን ቅኝቱ ነው። መሰንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ደጋኑን ዕጣን ካላሸነው አይናገርም፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆዳው ይረግብና ድምፁ ይወርዳል። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመዞር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ በኋላ በቃ፣ አይቃኝም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ረጅምም አጭርም ይዞ ይዞራል። እምቢልታ ጭራሽ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ዜማው የሚሞላው ሦስት ሰው ድምፅ ሲቀባበል ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በየአገራቸው፣ በየሠርጉና በየበዓሉ ለየብቻቸው የኖሩ ናቸው። እነሱን አንድ መድረክ ላይ አስቀምጦ በአንድ ድምፅ ማስነሳት ምን ያህል ጆሮ እንደሚጠይቅ የሚያውቀው የሞከረው ነው። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን ለመቃኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብናል። አንድ ሰው ክራሩን ጠበቅ ባደረገ ቁጥር ሁላችንም ከሀ እንጀምራለን።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የተስፋዬ ለማና የኤል ዳብ ስም ተመዝግቧል። ከኋላ ተቀምጠው ከበሮ የመቱት፣ እምቢልታ የነፉት፣ የጨፈሩትስ? ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። ጋዜጠኞቻችሁ በሕይወት ያሉትን ፈልገው ያነጋግሯቸው፤ ስማቸውንም ከነመሣሪያቸው አትሙልን። ቡድናችን ለዚህ ሥራ ጊዜውን ይሰጣል፤ ቴፕ መገልበጥም ሆነ ቃለ መጠይቅ መጻፍ እንችላለን።

ስታገኟቸው ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። በምዕራቡ ሲምፎኒ ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ሁሉ በእሱ ይቃኛል። በእኛ ቡድን ይህን የሚሠሩት ሾፌሩ አባታችን ናቸው፤ ዋሽንት እሺ ብሎ ስለማይለወጥ ሌሎቻችን ወደ እሱ እንሄዳለን። በእነሱ ዘመን መጀመሪያ ድምፅ የሚሰጠው ማን ነበር?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመሰንቆ ተጫዋች