በጥቅምት ወደ ሮም ለምትመጪው እህቴ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለአስቴር፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማማ በላይነሽስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ። አንቺ በልጅና በሥራ ተያዝሽ፣ እኔም አገር ቀይሬ ኑሮ እንደ አዲስ ጀመርኩ፤ ናፍቆትሽ ግን ከልቤ ጠፍቶ አያውቅም። ሰሞኑን ከዓለማያ ጓደኞቻችን አንዷ ደውላ «አስቴር በጥቅምት ሮም ትመጣለች፤ በፋኦ፣ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ስብሰባ ላይ ስለ ማሽላ ምርምሯ ልትናገር ነው» ብትለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ለዚህ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

ከአገር ቤት ለስብሰባ የሚመጡ ብዙ ሰዎችን እዚህ ተቀብያለሁ። ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ የሚናገሩት ቁም ነገር ያላቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አብዛኞቹ አዳራሽ የሚገቡት በቪዛ ሩጫ ዝለው፣ እንቅልፍ አጥተው፣ ከከተማው ዳርቻ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው ነው። ተራቸው ሲደርስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ይቀመጣሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል። አንቺ ግን ጉዳይሽን በሙሉ ጉልበት ተናግረሽ እንድትመለሺ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ጥቃቅኑን ነገር ከአሁኑ እንጨርሰው።

ከሁሉ በፊት ቪዛው ነው። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቋል፤ ቀድሞ በ15 ቀን ያልቅ የነበረው ጉዳይ አሁን እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል፣ የሚሰጠውም ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ነው። በሥራ ፓስፖርት ስለምሄድ ይቀለኛል ብለሽ አትዘናጊ፤ ደንቡ ለዚያም ይደርሳል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ስለሚቻል የግብዣው ደብዳቤ እጅሽ ከገባበት ቀን አንስቶ አንድም ቀን አታባክኚ። የጉዞ ኢንሹራንስሽ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን፤ ፓስፖርትሽም ከምትመለሺበት ቀን በኋላ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆኑን ተመልከቺ። ቪዛው ሲሰጥሽ እዚያው ቆመሽ ቀኖቹን ቁጠሪ። ስብሰባው በሚያልቅበት ዕለት የሚያበቃ ከሆነ በረራ ቢዘገይ ችግር ነው።

ሆቴል ስትመርጪ በዋጋ ብቻ አትወስኚ፤ የሜትሮውን ካርታ ዘርግተሽ አስቢ። የፋኦ ሕንጻ ያለው ቺርኮ ማሲሞ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ነው። ከመሬት በታች ወጥተሽ ቀና ስትይ ግዙፉን ነጭ ሕንጻ ታዪዋለሽ። መስመሩ «ቢ» ይባላል፤ ከቴርሚኒ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሦስተኛው ፌርማታ ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ሆቴል ይበቃሻል። እኔን ብትጠይቂኝ ግን ከቴርሚኒ ግርግር ይልቅ ፒራሚዴና ኦስቲየንሴ አካባቢ ያለውን እመርጥልሻለሁ። ከዚያ ወደ ስብሰባው አንድ ፌርማታ ብቻ ነው፤ አየሩ ጥሩ ከሆነ በእግርም ይደረሳል።

ይህ ሰፈር ሌላም ጥቅም አለው። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ዓይነት ባቡር ይነሣል። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ በ14 ዩሮ ሳይቆም በግማሽ ሰዓት ቴርሚኒ ያደርሳል። ሌላው «ኤፍ ኤል 1» የሚባለው ተራ ባቡር 8 ዩሮ ነው፤ ኦስቲየንሴ ላይ ይቆማል፣ ኦስቲየንሴና ፒራሚዴ ደግሞ የተያያዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ማለዳ ስለሚደርስ ሻንጣ እየጎተትሽ ቴርሚኒ ድረስ ሄደሽ እንደገና የምትመለሺበት ምክንያት የለም። የወረቀት ትኬት ከገዛሽ ባቡሩ ላይ ከመውጣትሽ በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቺው፤ ያልተመታ ትኬት ገንዘብ ቢከፈልበትም ያስቀጣል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አሻራና ፎቶ የሚወሰድበት አዲስ አሠራር ስላለ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል፤ የግብዣ ደብዳቤሽንና የሆቴል ማረጋገጫሽን በወረቀት አትመሽ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ሻንጣሽን ማለዳ ይቀበልሻል። የምለምንሽ አንድ ነገር፣ ስብሰባው ከሚጀመርበት ቀን አንድ ቀን ቀድመሽ ግቢ። መሥሪያ ቤቱ ለዚያች ሌሊት አበል ካልከፈለ እኔ ቤት ታድሪያለሽ።

በከተማው ውስጥ የሜትሮና የአውቶቡስ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ሜትሮ የሚያስገባው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ካለሽ በሩ ላይ ማስጠጋት ይበቃል። ሮም ውስጥ የትራንስፖርት የሥራ ማቆም አድማ የተለመደ ነው፤ በተለይ ዓርብ። «ሾፐሮ» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ አትደንግጪ፤ አድማም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት እስከ 2፡30 እና ማታ ከ11 እስከ 2 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አገልግሎቱ ይቀጥላል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ተንቀሳቀሺ። በሜትሮ ውስጥና ቴርሚኒ አካባቢ ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ። ኪስ አውላቂዎቹ ጥሩ ልብስ የለበሱ፣ ካርታ የያዙ ወጣቶች ናቸው፤ በር ሊዘጋ ሲል ነው የሚገፉሽ። የስብሰባ መታወቂያ ባጅሽንም ከግቢው ስትወጪ ከአንገትሽ አውልቂ፤ እንግዳ መሆንሽን ከሩቅ ይናገራል።

ጫማ ላይ እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። የሮም አሮጌ መንገዶች በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ ዝናብ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ፣ ቀጭን ተረከዝ በመካከላቸው ይቀረቀራል። ጥቅምት ደግሞ ቀኑ ሞቅ ብሎ ሳለ ድንገት ዶፍ የሚወርድበት ወር ነው። ዝቅ ያለ ጫማ ተጫምተሽ ነይ፤ ለመድረክ የሚሆነውን በቦርሳ ያዢ። የኮምፒውተርሽ ቻርጀር ሶኬቱ ወፍራምና ክብ ከሆነ እዚህ ብዙ ግድግዳ ላይ አይገባም፤ ባለ ሁለት ቀጭን እግሩ ግን ይገባል።

ምግብን በተመለከተ ጽጌን እንደምትጾሚ አውቃለሁና አትስጊ፤ ይህ ከተማ ለጿሚ ይመቻል። ፒዛ ማሪናራ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ ነው፤ አይብ የለበትም። ቺኮሪያ የሚባለው ቅጠል በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ተጠብሶ ሲመጣ የእናትሽን ጎመን ያስታውስሻል። ፓስታ በሽምብራ የሚባል ሾርባም አላቸው፤ ብቻ ጉንፋን ሲይዘን የምንጠጣው ዓይነት እንዳይመስልሽ፣ ምሳ የሚሆን ነው። ደረቅ ፓስታ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የለውም፤ ፌቱቺኔን የመሰለው ትኩስ ፓስታ ግን በእንቁላል ነው የሚለወሰው። ስታዢ «ሴንዛ ፎርማጆ» በይ፣ ያለ አይብ ማለት ነው፤ አለበለዚያ ሳይጠይቁሽ ከላይ ይነሰንሱበታል። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆመሽ ጠጪ፤ ከተቀመጥሽ ዋጋው ይጨምራል።

ውኃ ከቶ አትግዢ። በየመንገዱ ዳር አፍንጫው የተቆለመመ የብረት ምንጭ አለ፤ በከተማው ከ2,000 በላይ ናቸው። ቀንም ሌትም ይፈስሳል፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። የሚፈስበትን አፍ በጣትሽ ድፍን ስታደርጊው ከአፍንጫው ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃው ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ ጎንበስ ሳትይ ትጠጫለሽ። የሮም ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠጡት።

ሆቴሉ በየሌሊቱ የከተማ ግብር የሚባል ክፍያ ለብቻ ይጠይቅሻል። አዘጋጆቹ ክፍሉን ቢከፍሉልሽም ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአንቺ ላይ ነው፤ መጠኑ በሆቴሉ ኮከብ ይለያያል። ደረሰኙን ተቀበዪ። የአውሮፕላን መሳፈሪያ ቁራጭሽንም አትጣዪው፤ ተመልሰሽ ሒሳብ ስታወራርጂ ፋይናንስ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ፍተሻና የባጅ ሰልፍ ስላለ ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ፤ ፓስፖርትሽ ከአንቺ አይለይ። ንግግርሽን አስቀድመሽ ጽፈሽ ግልባጩን ለአስተርጓሚዎቹ አድርሺላቸው። ከመስታወት ጀርባ ተቀምጠው ወደ ዓረብኛ፣ ወደ ቻይንኛና ወደ ሌሎቹ ቋንቋዎች የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ቁጥርና የማሽላ ዝርያ ስም በጆሮ ብቻ ሲመጣባቸው ይቸገራሉ። ሰዓት አጠረ ብለሽ አትሩጪ። ከጽሑፍሽ ግማሹን ቁረጪና የቀረውን ረጋ ብለሽ ተናገሪ። እውነተኛው ውይይት ደግሞ በቡና ዕረፍት ላይ ነው፤ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ሰገነት አለ፣ እዚያ ውጪና ሰው ተዋወቂ። ከአገራችን የመጡት ሁሉ አንድ ጥግ ተሰብስበው በአማርኛ ሲጫወቱ አያለሁ፤ ጨዋታው ደስ ቢልም ለእሱ ማታ ጊዜ አለን።

ስለዚያ ሕንጻ ከመግባትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። የተጀመረው በፋሽስት ዘመን ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ተብሎ ነው። ፋኦ የገባበት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የተዘረፈው ሐውልት የቆመው በዚሁ ሕንጻ ፊት፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ ነበር። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በፓሪሱ ውል ልትመልስ ተስማምታ ሳለ እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ እዚያው ቆየ፤ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ። ዛሬ በቦታው አቅራቢያ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። እኔ ባለፍኩ ቁጥር እቆማለሁ። ቅኝ ገዢዎች ለራሳቸው በሠሩት ቤት ውስጥ ዛሬ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የስብሰባ ክፍል አለ፤ አንቺም ስለ ኢትዮጵያ እህል በዚያ ቤት ትናገሪያለሽ። ይህን አስበሽ ግቢ።

ከዚያው በር ወጥተሽ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት በእግር ሂጂ፤ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አበበ ቢቂላ ባዶ እግሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው እዚያ ቅስት ሥር ነው። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው የአክሱምን ሐውልት ሲያልፍ ነበር። የሄድሽበት መንገድ የሩጫው የመጨረሻ ክፍል ነው፤ መድረክ ላይ ከመውጣትሽ በፊት ባለው ማታ ብትሄጂበት ደስ ይለኛል።

ቴርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ የተሰየመው በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት አምስት መቶ ያህል ወታደሮች ነው። መታሰቢያቸው ከዚያ ጥቂት እልፍ ብሎ በዛፎች መካከል አለ። ለገሃር የምናውቀው የአንበሳ ሐውልት በምርኮ ቆሞ የነበረው እዚያ ሲሆን፣ ዘርአይ ድረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. ጎራዴ የመዘዘው በዚያው ስፍራ ነው። ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ አብረን እንሄዳለን። ከዚያ ጀርባ የአበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ እንጀራ ቢናፍቅሽ እዚያው እንቀመጣለን።

ለእኔ ምን ላምጣ ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። በርበሬና ሽሮ ይበቃኛል፤ ቡናም ቢኖር አልጠላም። ቅቤና ቋንጣ ግን በፍጹም እንዳታመጪ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ወደዚህ ማስገባት ክልክል ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወስዱብሻል፣ ሊቀጡሽም ይችላሉ። እማማ በላይነሽ ቅቤ ካላነጠርኩ ቢሉሽ ይህን አንብቢላቸው።

የቪዛ ቀጠሮሽ እንደተያዘ አሳውቂኝ፤ የበረራ ቁጥርሽንም ላኪልኝና ማለዳ ኦስቲየንሴ ጣቢያ መድረኩ ላይ እጠብቅሻለሁ። የንግግርሽን ረቂቅ እንደጨረስሽ ለእኔም ላኪ፣ አንብቤ ያልገባኝን እጽፍልሻለሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ሰብለ
ሮም፣ ሐምሌ መጨረሻ