«አዎ» ስትዪኝ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ስኳርሽ ከፍ ብሎ እንደነበር እህቴ ነግራኛለች። አንቺ ግን «ምንም አልሆንኩ» ነው ያልሽኝ።

የልጅ ልጅሽ አምስት ዓመት ሞላው። ቀኑን ሙሉ አፉ ላይ ያለችው ቃል «ዶኽ» ናት። «ጥርስህን አልቦረሽክም አይደል?» ስለው «ዶኽ!» ይለኛል። «ቦርሻለሁ እንጂ» ማለቱ ነው። ብሩሹን ስነካው ደረቅ ነው።

ጀርመኖች ይቺን ቃል የማያስገቡበት የለም። እንግዳ በር ላይ ሲያመነታ «ኮም ዶኽ ራይን» ይሉታል፤ አንቺ «ግባ እንጂ» እንደምትይው። ሲቆጡ ደግሞ ያቺው ቃል የኛን «እኮ» ትሆናለች፤ «ነግሬህ ነበር እኮ!» እንደሚባለው። ከሁሉም የከበደችኝ ግን የልጄ ነች፣ «አልሆነም» ሲባል «ሆኗል» የምትለዋ።

እሷን የተማርኩት የአባዬን መርዶ ከሰማሁ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደውዬ «አባዬ አልተሻለውም እንዴ?» አልኩሽ። ዝም ብለሽ ቆየሽና «አዎ» አልሽ። እኔ «ተሻለው» ብዬ ሰማሁ። ስልኩን ዘግቼ ሥራ ገባሁ። ለካ ከተቀበረ ሳምንቱ ነበር።

ጀርመን ቢሆን ካልተሻለው «ናይን»፣ ከተሻለው «ዶኽ» ነው መልሱ፤ መሀል ላይ መቆሚያ የለም። ያንቺን «አዎ» ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። ዋሽተሽኝ ነው? ወይስ እውነቱን ነግረሽኝ እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ? በሰው አገር ብቻዋን እንዴት ትችለዋለች ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ቢሆንም፣ አርባውን እንኳ ሳላለቅስ አለፈኝ።

ብሩን በወንድሜ በኩል ልኬያለሁ፣ ለመድኃኒት ነው፤ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪው። መብራት ሲጠፋስ ኢንሱሊንሽን የት ነው የምታስቀምጪው? ፍሪዘር ውስጥ እንዳይገባ አደራ፣ በረዶ ከያዘው አይሠራም።

ትናንት ልጄ ፎቶሽን ይዞ «ኦማ ኮምት ዶኽ?» አለኝ። «አያቴ ትመጣለች አይደል?» ማለቱ ነው። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው «አትመጣም» መባልን የፈራ ነው። «ብላ፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው» አልኩት።

ቅዳሜ እደውላለሁ። ሐኪሙ ካለሽ ነገር ያልነገርሽኝ የለም? ብዬ እጠይቅሻለሁ። እማዬ፣ በሞቴ «አዎ» እንዳትዪኝ። ወይ «አለ» በይኝ፣ ወይ «የለም»።

ልጅሽ፣ ከፍራንክፈርት