የምስጋና መልእክት፦ የልጃችንን ትንፋሽ ለጠበቃችሁልን

ልጃችን አሁን ጡት ይዛ ስትተኛ ለሚያያት ምንም ያልነካት ትመስላለች። በማን በማን እጅ እንዳለፈች ግን እኔና አባቷ እናውቃለንና ዝም ማለት አልሆነልንም።

ቅድሚያ ደብረ ብርሃን ላለችው አዋላጅ ነርስ። በ31ኛው ሳምንት ምጥ ሲመጣብኝ ሪፈር ጽፋ ብቻ አልሸኘችኝም። ዴክሳሜታዞን ወጋችኝና ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፈችልኝ፤ የቀረውን በየ12 ሰዓቱ አዲስ አበባ ቀጠሉልኝ። መርፌው ለእኔ ሳይሆን የሕፃኗ ሳንባ ቶሎ እንዲጠና ነው። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

ስትወለድ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበረች። አልቅሳ ደስ አሰኘችን፤ ወዲያው ግን ማቃሰት ጀመረች፤ በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቷ ሥር ይሰረጉዳል። ዶክተሩ አባቷን አስቀምጦ በትዕግሥት አስረዳው። በሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ሰርፋክታንት የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ይኸ ፈሳሽ ስለማይበቃው ከረጢቶቹ እንደ ረጠበ ፌስታል ይጣበቁበታል። መድኃኒቱ አለ፤ ግን ውድ ነው፣ አገር ውስጥም እንደ ልብ አይገኝም።

ባለቤቴ ያለንን ሸጦ ከውጭ ሊያስመጣ ተነሣ። ዶክተሩ «ቆይ ወንድሜ» አለው። በፈረንጆቹ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ሳንባው እንዲሁ ሆኖ በተወለደ በ39 ሰዓቱ ሞተ፤ ገንዘብም ሐኪምም አላጡም ነበር፤ ያጡት ሲፓፕን፣ አየር በግፊት እየሰጠ ሳንባ እንዳይጣበቅ የሚይዘውን መሣሪያ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ላይ የተሠራበት ውጤት የታተመው በ1971 ነው። «ለልጅህ ይኸው ሲፓፕ አለ፤ እስኪ በእሱ እንጀምር» አለው።

ሲፓፑን ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አፍንጫዋ ላይ ሁለት አጫጭር ቱቦዎች፣ በሌላው ጫፍ የውኃ ጠርሙስ፣ በቃ። ለካ ቱቦው ውኃው ውስጥ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጠለቀ ነው ሳንባዋን ከፍቶ የሚይዘውን ግፊት የሚወስነው። ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግፊቱ አለ ማለት ነው።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ወተት አልቤ ይዤ ስገባ የኦክስጅን መጠኗ በድንገት ወረደ። ተረኛዋ ዶክተር መብራቱን አስጠፍታ ትንሽ ብርሃን ደረቷ ላይ ለጠፈች። ቀኙ ጨለማ ነው፤ ግራው በሙሉ ቀልቶ በራ። ለካ በበራው በኩል አየር ከሳንባዋ ሾልኮ ሳንባውን ከውጭ ተጭኖት ኖሯል። ራጅ አልጠበቀችም፤ በመርፌ አየሩን ሳበችው፣ ቀጥላም በጎኗ ቀጭን ቱቦ አስገብታ ጫፉን ሌላ ጠርሙስ ውኃ ውስጥ ከተተችው። የልጄ ከንፈር ቀለሙ ሲመለስ እዚያው ቆሜ አየሁ። ዶክተር፣ ውለታሽን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

እንግዲህ ሁለት ጠርሙስ ሆነ። የአፍንጫዋ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን እንዳያቆም፣ የጎኗ ደግሞ እንዲያቆም መጸለይ! የጎኗ ዝም ካለ ቀዳዳው ተደፈነ ማለት ነውና። አማቴ ይኸን ሲሰሙ «ታዲያ ለየትኛው ነው የምሳለው?» ብለው በዚያ ጭንቅ መሐል አሳቁን።

ሰው የሚያመሰግነው ሐኪሙን ነው፤ ይገባቸዋልም። ጠርሙሶቹን ሌሊቱን ሙሉ የጠበቁት ግን ነርሶች ናቸው። የጎደለውን ውኃ የሚሞሉ፣ ቱቦው አፍንጫዋን እንዳያቆስል ደጋግመው የሚያዩ፣ አንዷ ብቻዋን ስንቱን ሕፃን ይዛ። አንዲት ሲስተር የጎኗ ጠርሙስ ዝም ያለ ዕለት ፈረቃዋ አልቆ ልብሷን ከቀየረች በኋላ ተመልሳ መጥታ አየችው። እኔን እቅፍ አድርጋኝ ነው የሄደችው።

በካንጋሮ ክፍል ደረቴ ላይ አስሬ ሳሞቃት ስደክም አማቴ ተክተውኛል። እማዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። በመጠበቂያው ምንጣፍና ሾርባ ያካፈላችሁኝ እናቶች፣ የእናንተንም ለዚህ ያብቃልኝ። ሳንጠይቃችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ የላካችሁ የሰፈራችን ዕድርተኞች፣ ብድራችሁን በደስታ ያድርግልን።

የፊታችን እሑድ ሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ክርስትና ትነሣለች። መምጣት የምትችሉ ሁላችሁም ቤታችን ቤታችሁ ነው። ተረኛ ሆናችሁ የማትመጡ ነርሶች፣ ድፎ ዳቦውን ባለቤቴ ከሰዓት ይዞላችሁ ይመጣል፤ ለማታ ፈረቃም አስቀሩላቸው።